የምንሰጠው የሒሳብ ጥያቄ ምን ያስተምራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ታናናሾቻችንን ሒሳብ የምናስጠና ሁሉ የመልሱን ትክክለኛነት መመርመር የተለመደ ሥራችን ነው። ዛሬ ግን ከመልሱ በፊት ያለውን ጥያቄውን ራሱን እንመርምር።

ምሳሌ እንውሰድ። በቡና አገር የሚነገረው መለኪያ ፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላም 17 ኪሎ ነው። አንድ ገበሬ 5 ፈረሱላ ማለትም 85 ኪሎ ቡና አመጣ እንበል። የነጋዴው ሚዛን ከየፈረሱላው 1 ኪሎ እያጎደለ 80 ኪሎ አነበበ። የኪሎው ዋጋ 100 ብር ቢሆን «ነጋዴው ከጎደለው ስንት ብር አተረፈ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ 500 ብር ነው። «ገበሬው ስንት ብር ተወሰደበት?» ብንልም መልሱ ያው 500 ነው። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ልጁ የቆመበት ወገን ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ከነጋዴው ጎን ሆኖ ትርፍ ይቆጥራል፤ በሁለተኛው ግን በደልን በቁጥር ያያል። በኢሉባቦር ደግሞ ያ ገበሬ የብዙዎቹ ልጆች አባት ነው። ነቢዩ አሞጽም ሚዛን የሚያታልሉትን አጥብቆ መገሠጹን እናውቃለን (አሞ. 8፥5)።

«ቁጥር ቁጥር ነው፤ ምን ወገን አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1935 በናዚ ጀርመን የታተመ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለአእምሮ ሕሙማን ማቆያ በወጣው ገንዘብ ስንት መኖሪያ ቤት ሊሠራ እንደሚችል ተማሪዎችን ያሰላ ነበር። ከ1939 ጀምሮ በመንግሥቱ ዕቅድ እነዚያው ሕሙማን በብዙ ሺህ ተገደሉ። በ1980ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ለአፍጋኒስታን ልጆች በተዘጋጁ መጻሕፍት ጥይትና ጠመንጃ የመቁጠሪያ ምሳሌዎች ነበሩ። ስሌቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃኑ ግን ከስሌቱ ጋር ሌላም ነገር ተምሯል።

አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ የመረጡትን ጥያቄ እንመልከት። ለ2017 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ 11 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። ማካፈልና ማባዛቱ እዚህም አለ፤ ዓላማው ግን ሕዝቡ በአንድነት እንዲጾምና ፋሲካን በአንድነት እንዲያከብር ነው።

ይህን ስንል ስለ ጎደለ ሚዛንና ስለ አራጣ አይጠየቅ ማለታችን አይደለም። ወለድ ማስላት የማይችል ልጅ ነገ ሲበዘበዝ መበዝበዙንም አያውቅ። ብርቱካኑን በሻማ ተክቶ «5 ሻማና 3 ሻማ» ማለትም ብቻውን ጥያቄውን መንፈሳዊ አያደርገውም። ይልቅስ ሦስት ነገር እንመርምር፦

1ኛ/ በጥያቄው ውስጥ ያለው ድሀ የልጁ አባት ወይም እናት ቢሆን ልጁ ያፍራልን?

2ኛ/ ነገሩ እውነት ነውን? ጀንፈል ቡና ሲፈለፈል ክብደቱ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ፣ ሳይቀንስ የሚያስቆጥረውን ጥያቄ ሲያይ ሒሳብን ከኑሮ የራቀ ተረት ያደርገዋል።

3ኛ/ ቋንቋው ይገባዋልን? በኦሮምኛ የሚያስበውን ልጅ በአማርኛ ጠይቀን ቢሳሳት፣ የተሳሳተው በሒሳቡ ነው ብለን መፍረድ አንችልም።

የመልመጃ ጥያቄ፦ አንድ ሰው 2,000 ብር በወር 10 በመቶ አራጣ ተበደረ። ወለዱን በየወሩ እየከፈለ ዋናውን ሳይመልስ አንድ ዓመት ቢቆይ በጠቅላላው ስንት ብር ወለድ ይከፍላል? ልጆቹ 2,400 ብር ብለው ሲመልሱ ትምህርቱን በዚያ አናቁም። ከተበደረው በላይ ከፍሎም 2,000ው ገና እንዳለበት አሳይተን፣ ይህ ተገቢ መሆን አለመሆኑን እነርሱው እንዲፈርዱ እንጠይቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።