በፕሊመዝ ወደብ ፐብ ገብቶ ለመጫወት

ፕሊመዝ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ የመርከበኞች ከተማ ናት። ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ በ1620 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ያቀናችው ከዚህ ተነሥታ ነው። የድሮው ወደብ ሰፈር ባርቢካን ይባላል። የሰፈሩ መጠጥ ቤቶች፣ ማለትም ፐቦቹ፣ ተጠጋግተው የተሠሩ ስለሆኑ ሁሉንም በእግር ማዳረስ ይቻላል፤ እኔ ግን ሁለት ቢበዛ ሦስት መርጣችሁ ረጋ ብላችሁ ተጫወቱ እላለሁ።

መጀመሪያ ሰዓት ምረጡ። ቅዳሜ ማታ በጫጫታው መነጋገር ያስቸግራል። በአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ይሻላል።

ጉዟችሁን ዶልፊን ከሚባለው ቤት ጀምሩ። ወፈር ያሉ ሳቂታ ሰዎችን በመሣል የታወቀችው ቤሪል ኩክ ይህን ቤት ደጋግማ ሥላዋለች። ከባንኮኒው ኋላ የተጋደሙትን በርሜሎች ልብ በሉ፤ ቧንቧው ከፈት ሲል ቢራው ያለ ፓምፕ በቀጥታ ብርጭቆው ውስጥ ይወርዳል፤ አረፋውም ስስ ነው።

ቁጭ ብላችሁ አስተናጋጅ አትጠብቁ፤ ማጨብጨብማ ነውር ነው። ባንኮኒው ድረስ ሄዳችሁ እዘዙ፣ እዚያው ክፈሉ። ሰልፍ ባይታይም ማን ቀድሞ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ተራችሁ ሳይደርስ ከተጠየቃችሁ «እሳቸው ይቀድማሉ» በሉ፤ ወዳጅ የምታፈሩት እንዲህ ነው።

ኤል የሚባለው ቢራ እንደ ጃምቦ አይቀዘቅዝም፤ ቀዝቀዝ ያለ ብቻ ነው፤ ጣዕሙም የሚወጣው ለዚህ ነው። አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የእኛ አገር የቢራ ጠርሙስ ደግሞ 330 ነው። ስለዚህ በግማሽ ፓይንት ጀምሩ። ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት ለመቅመስ መጠየቅም ያለ ነው።

የእኛ ሰው የሚቸገረው ሒሳቡ ላይ ነው። «እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ» እየተባለ መጎተት እዚህ የለም፤ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጣዩን ዙር ሌላው ይገዛል። ስድስት ሆናችሁ ከገባችሁ ተራው ሁሉን እስኪያዳርስ ስድስት ብርጭቆ ይሆናልና ሦስት አራት ሰው ይበቃል። የሰው ጠጥቶ ተራው ሲደርስ የሚጠፋ ግን ይታወቅበታል። ብዙ መጠጣት የማይፈልግ ከመጀመሪያው «የራሴን እገዛለሁ» ይበል፤ ማንም አይቀየመውም።

የማይጠጣ ሰው ሎሚ በሶዳ ወይም አልኮል የሌለው ቢራ ያገኛል። ዓሣና ድንች ጥብስ የምታዝዙ ግን ጠይቁ፦ አንዳንድ ቦታ በከብት ሞራ ይጠበሳል፣ ሊጡም በቢራ ሊለወስ ይችላል። ለጾመኛም ለሙስሊምም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጂን ለሚወድ ከ1793 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የፕሊመዝ ጂን ማውጫ እዚያው ሳውዝሳይድ ጎዳና ላይ ነው፤ ለባሕር ኃይል የሚባለው ግን 57 ከመቶ አልኮል አለውና በዝግታ።

ደወል ከተደወለ የመጨረሻው ትእዛዝ ነው፤ ሊዘጉ ነው ማለት ነው። ባዶ ብርጭቆአችሁን ባንኮኒው ላይ መልሱ፣ አመስግናችሁ ውጡ። መኪናችሁን ግን መጀመሪያውኑ ቤታችሁ ትታችሁ ኑ።