በሞተሮች መካከል የቆሙ ሐውልቶች፦ የሮማው ሞንቴማርቲኒ ኃይል ማመንጫ

በሮማ በኦስቲየንሴ ጎዳና የሚገኘው የሞንቴማርቲኒ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲመረቅ የከተማዪቱ የመጀመሪያው የሕዝብ ኤሌክትሪክ ጣቢያ ነበር፤ በ1963 ሥራውን አቆመ። በ1997 የካፒቶሊን ሙዚየሞች በከፊል በመታደስ ላይ ስለነበሩ በርካታ ጥንታዊ የእብነ በረድ ሐውልቶች ለጊዜው ወደዚህ ተዛወሩ። ጊዜያዊ የተባለው መጠለያ ቋሚ ሙዚየም ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ግዙፎቹ የናፍጣ ሞተሮች ከቦታቸው አለመነሣታቸው ነው፤ አማልክቱ የቆሙት በእነርሱ መካከል ነው። በለንደኑ ባንክሳይድ ማመንጫ፣ በዛሬው ቴት ሞደርን፣ ተርባይኖቹ ተነቅለው አዳራሹ ባዶውን ቀርቷል። አዳራሹ ግሩም ቢሆንም ኤሌክትሪክ በምን ይመነጭ እንደነበር ለጎብኚው አይናገርም። የሞንቴማርቲኒ ሞተሮች ለሐውልት የሚሆነውን ወለል ይሻማሉ፤ ሕንፃው የቀድሞ ሥራውን በራሱ የሚያስረዳው ግን በእነርሱ ነው።