ወንዛችንን እንዴት እንከታተል?

ጥያቄ፦ የዳንግላ ገበሬ ነኝ። ወንዛችን በየበጋው እየሳሳ ነው። ከእርከን ሥራ ሌላ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ይለኩ! እዚያው ወረዳዎ ውስጥ የዳንጌሽታ ቀበሌ ነዋሪዎች በ2006 ዓ.ም. ዝናቡን፣ የጉድጓዱን ውኃና የኪልቲን ወንዝ ከፍታ በገዛ እጃቸው መለካት ጀምረዋል። ተመራማሪዎች መዝገባቸውን ሲመረምሩት ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ የማያንስ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ኪልቲ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና የሚገባ ውኃ ነውና።

ከጉድጓድ ይጀምሩ። ማለዳ፣ ሰው ሳይቀዳ፣ ሜትር ወደ ታች ይልቀቁ። ጫፉ ውኃውን ሲነካ በጉድጓዱ አፍ ጠርዝ ላይ ያለውን ቁጥር አንብበው ከነቀኑ ደብተር ላይ ያስፍሩ። ሁልጊዜም ከዚያው ጠርዝ ይነሱ፤ አለበለዚያ ያምናውንና የዘንድሮውን ማነጻጸር አይቻልም። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ያልለኩበትን ቀን ባዶ ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት።