የድምፅ ደርሶችን በተርቲብ መጫን



በካምፓስ ሕይወታችን ኢልም ከምናገኝባቸው መንገዶች አንዱ ማዳመጥ ነው። ከክፍል ወደ ዶርም ስንመለስ፣ ልብስ ስናጥብ፣ ለረፍት ወደ ቤተሰብ ስንጓዝ የኪታብ ደርስ፣ የቁርኣን ቂርአት ወይም በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ እንሰማለን። ለዚህ ትንሽ ኤምፒ3 ማጫወቻ ወይም ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ባለ ቁልፍ ስልክ ብዙ ጊዜ ከዘመናዊው ስልክ ይሻላል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ባትሪው ይቆያል፣ በደርሱ መሃል መልእክት እየገባ ልባችንን አይወስድም።

ነገር ግን የብዙዎቻችንን ሚሞሪ ብንከፍት የምናገኘው የተደበላለቀ ክምር ነው። የአንዱ ኪታብ ክፍል ከሌላው ጋር ተቀላቅሏል፤ የፋይሉ ስም ቁጥር ብቻ ነው፤ ማን እንዳስተማረው አይታወቅም። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኡስታዙ በ6ኛው ክፍል አንድን ሑክም በጥቅሉ ተናግሮ ከሑክሙ የሚወጡትን ሁኔታዎች በ7ኛው ክፍል ሊዘረዝር ይችላል። ከ6 ወደ 60 የዘለለ ሰው ግማሹን ሑክም ይዞ ይሄዳል፤ ለጓደኛውም ያንኑ ግማሽ ያስተላልፋል። «ከማን ሰማኸው?» ሲባልም መልስ የለውም። ስለዚህ ተርቲቡንና የአስተማሪውን ስም መጠበቅ የደርሱ አካል ነው።

1. ተርቲቡ ለምን ይፈርሳል?

የመጀመሪያው ምክንያት አቆጣጠሩ ነው። ብዙ ቀላል ማጫወቻዎች የፋይል ስም ላይ ያለን ቁጥር የሚያነቡት እንደ ፊደል ነው። የቁርኣንን 114 ሱራዎች 1፣ 2፣ 3 እያልን ብንሰይም ማጫወቻው ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያ 100ን ያመጣል። ከአል-ፋቲሓ በኋላ አል-በቀራን ስንጠብቅ ሱረቱ ዩኑስ፣ ከእርሱም ቀጥሎ አል-ዓዲያት ይመጣል ማለት ነው። ኮምፒውተራችን ላይ ግን ዊንዶውስ ቁጥሩን በትክክል ስለሚደረድረው ስህተቱ አይታየንም። የምናውቀው መንገድ ላይ ሆነን ስናዳምጥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአገለባበጡ ቅደም ተከተል ነው። አንዳንድ ማጫወቻዎችና የመኪና ቴፖች ስሙን ጭራሽ አያዩም፤ ሚሞሪው ላይ ቀድሞ የተገለበጠውን ቀድመው ያጫውታሉ።

ሦስተኛው «ሸፍል» የሚባለው አዘበራርቆ የማጫወት ምርጫ ነው። ለደርስ ሁልጊዜ መጥፋት አለበት።

2. ለፋይሉ ስም መስጠት

መፍትሔው ከቁጥሩ ፊት ዜሮ መጨመር ነው። ስንት ዜሮ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የክፍሎቹ ብዛት ነው። ለቁርኣን ሦስት አኃዝ እንጠቀማለን፦ ከ001 እስከ 114። የኢማም ነወዊ «አርበዒን» ስሙ አርባ ቢልም 42 ሐዲሶች አሉት፤ ሐዲስ በሐዲስ የተቀዳ ደርስ ከሆነ ከ01 እስከ 42 ይበቃል። ደርሱ ገና እየተሰጠ ከሆነና መጨረሻውን ካላወቅን ከመጀመሪያው ሦስት አኃዝ መጠቀም ይሻላል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የኪታቡን ስም፣ ከዚያ የኡስታዙን ስም እንጽፋለን። ለምሳሌ «07 – አርበዒን – ኡስታዝ እገሌ»። ቁጥሩ የሚቀድመው በሁለት ምክንያት ነው። ትንሽ ስክሪን ረጅም ስምን ይቆርጣል። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ደግሞ የግእዝ ፊደል ስለሌላቸው የአማርኛውን ስም በባዶ ሳጥን ወይም በጥያቄ ምልክት ያሳዩታል። ማጫወቻችሁ እንዲህ ከሆነ ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉት።

3. ፎልደርና ታግ

ለእያንዳንዱ ኪታብ አንድ ፎልደር ይኑር። ያንኑ ኪታብ ሁለት ኡስታዞች ካስተማሩት ፎልደሩም ሁለት ይሁን። የአንዱ ማብራሪያ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል አንዱ ያላለው በስሙ ሊነገርበት ይችላል። ቁርኣን ለብቻው ይቀመጥ፤ ነሺዳና መንዙማም እንዲሁ።

አንዳንድ ማጫወቻዎች ግን ፎልደርን ትተው በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ ያነብባሉ። ይህ መረጃ ታግ ይባላል። «አልበም» በሚለው ቦታ የኪታቡን ስም፣ «አርቲስት» በሚለው የኡስታዙን ስም፣ «ትራክ» በሚለው የክፍሉን ቁጥር እንሞላለን። ለዊንዶውስ የተዘጋጀው ኤምፒ3ታግ የተባለ ነፃ ፕሮግራም የብዙ ፋይሎችን ታግ በአንዴ ይሞላል፤ ቁጥሩንም ከነዜሮው በራሱ ይሰጣል።

4. የፋይሉ ዓይነትና መጠን

በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ መልእክት ብዙ ጊዜ ኦፐስ በሚባል ዓይነት የተቀዳ ነው፤ ቀላል ማጫወቻዎች አይከፍቱትም። ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኤምፒ3 መቀየር ይቻላል።

ለንግግር ከፍተኛ ጥራት አያስፈልግም። ሞኖ ሆኖ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ለደርስ በቂ ነው። በዚህ ልክ የአንድ ሰዓት ደርስ 29 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በ128 ግን እጥፉን። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ በ64 ከ250 ሰዓት በላይ ደርስ ይችላል። ድምፅ ሲቀየር ከጥራቱ ስለሚቀንስ ዋናውን ፋይል አታጥፉት፤ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡት።

ማጫወቻችሁ ያቆማችሁበትን የማያስታውስ ከሆነ የሁለት ሰዓቱን ደርስ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ክፍሎች ቁረጡት። ስትቆርጡ ግን ደቂቃ ስለሞላ ብቻ አይሁን፤ ኡስታዙ አንዱን መስአላ ጨርሶ ወደ ሌላው የሚያልፍበትን ቦታ ፈልጉ።

5. ወደ ማጫወቻው መገልበጥ

ስሙም ታጉም ኮምፒውተር ላይ ካለቀ በኋላ ብቻ ገልብጡ። ማጫወቻው በቅጂ ቅደም ተከተል የሚሄድ ከሆነ አንድ ፎልደር ሲያልቅ ሌላውን አስከትሉ። በዚህም ካልተስተካከለ ድራይቭሶርት የተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ሚሞሪው ላይ ያለውን አደራደር ያስተካክላል።

አዲስ ሚሞሪ ስትገዙም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑት ብዙውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባል አሠራር ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ የቆዩ ማጫወቻዎች የሚያነቡት ፋት32ን ነው። ለእነዚህ 32 ወይም ከዚያ በታች መግዛት ይሻላል። ገልብጣችሁ ስትጨርሱም ሚሞሪውን ዝም ብላችሁ አትንቀሉ፤ «ኢጀክት» የሚለውን ተጫኑ። መገልበጡ ሳያልቅ የተነቀለ ሚሞሪ ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል።

6. ያቆምንበትን መያዝ

አንድሮይድ ስልክ የምትጠቀሙ «ቮይስ» ወይም «ስማርት ኦዲዮቡክ ፕሌየር» የተባሉት መተግበሪያዎች ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ያቆማችሁበትን ሰከንድ ይይዙላችኋል። በቀላል ማጫወቻ ለምታዳምጡ ግን ትንሽ ደብተር ይበቃል፦ ኪታቡ፣ የክፍሉ ቁጥር፣ ደቂቃው፣ ከጎኑም ያልገባችሁ ጥያቄ። ሒፍዝ ላይ ላላችሁ፣ ብዙ ማጫወቻዎች ላይ ያለው ከ«ኤ» እስከ «ቢ» የመደጋገም ምርጫ አንድን አያ ደጋግሞ ለመስማት በጣም ይረዳል።

አማናውን አንርሳ

ፋይል ለሌላ ስናካፍል ከነስሙ፣ ከነቁጥሩና ከነሙሉ ክፍሎቹ እናካፍል። ኡስታዙ እንዲሰራጭ ያልፈቀደውን ደርስ፣ ባለቤቱ በዋጋ የሚሸጠውን የድምፅ መጽሐፍም ያለ ፈቃድ አናባዛ፤ የሰው ሐቅ ነው። ደግሞም ማዳመጥ አስተማሪ ፊት ቁጭ ብሎ መቅራትን አይተካም። በደብተራችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ኡስታዝ ሂዱ።

የዚህ ሳምንት ተግባር

በእጃችሁ ካሉት ኪታቦች አንዱን ብቻ ምረጡ። ክፍሎቹን ቁጠሩ፣ የጎደለውን ፈልጉ፣ ስማቸውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ጫኑ። ከዶርም ጓደኞቻችሁ ጋር ብትከፋፈሉት፣ አንዱ አንድ ኪታብ ሲያዘጋጅ፣ ኢንሻአላህ በአንድ ሴሚስተር ለሁላችሁም የሚበቃ የተስተካከለ ስብስብ ይኖራችኋል።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባወቅነውም ይጥቀመን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።