ሣሩን ማን ያጭደዋል?

(መርሳ፣ ሐብሩ ወረዳ። አዛውንቱ ከደርግ ዘመን ጀምሮ እርከን የሠሩ ገበሬ ናቸው፤ ወጣቱ ከጓደኞቹ ጋር የተራቆተ ተራራ ሊያለማ ተደራጅቷል።)

ወጣት፦ አባባ፣ ተራራውን ልንረከብ ነው። ምን ዓይነት ችግኝ እናፍላ?

አዛውንት፦ ችግኙ ይቆይ ልጄ። መጀመሪያ ከብቱን አውጣ። የወይራውም የክትክታውም ጉቶ ከአፈር ሥር አለ። ሰኮናና ጥርስ ከተነሣለት፣ ሣሩ በመጀመሪያው ክረምት ብቅ ይላል፤ ቁጥቋጦው ይከተላል። ችግኝ የምትተክለው አፈሩ ውሃ መያዝ ሲጀምር ነው።

ወጣት፦ ጎርፉስ? ድንጋይና ደለል ጭኖ ማሳ ላይ እየወረደ ነው።

አዛውንት፦ ጎርፍ የሚያዘው ከአናቱ ነው። ብዙ ሰው ሜዳው ላይ የሰፋውን ቦረቦር አይቶ እዚያው ክትር ይሠራል፤ ክረምት ሲገባ ተጠርጎ ይሄዳል። ገደላማው ላይ የድንጋይ እርከንና ውሃ ማስረጊያ ትሬንች፣ ከማሳው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሥራ። ቦረቦሩ የመጨረሻው ነው።

ወጣት፦ የእርከኑ መስመር በምን ይለካል?

አዛውንት፦ በዓይን እንዳታምነው። ሁለት እኩል ዘንግ፣ 10 ሜትር ገመድ፣ መሃሉ ላይ የውሃ ልክ። አረፋው መሃል ሲገባ ችካል ትተክላለህ። መስመሩ ካዘነበለ ውሃው ዝቅ ባለው በኩል ተሰብስቦ ይንደዋል።

ወጣት፦ ክትሩስ?

አዛውንት፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን። መሃሉን ዝቅ አድርገህ ውሃውን አሳልፈው፤ ሁለቱን ጫፎች ዳሩ ውስጥ ቆፍረህ ቅበራቸው። አለዚያ ጎርፉ በጎን ዞሮ ዳሩን ይበላዋል።

ወጣት፦ ይህን ሁሉ ድሮም ሠርታችሁታል። ታዲያ ተራራው ለምን ተመልሶ ተራቆተ?

አዛውንት፦ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው! ከ1977ቱ ድርቅ በፊትም በኋላም በምግብ ለሥራ ወሎን እርከን አለበስነው። የቀን ድርሻችን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። ተራራው ግን በትእዛዝ ተከለለ፤ ሣሩም እንጨቱም የመንግሥት ሆኖ ታየን። በ1982 እና 1983 ሥርዓቱ ሲናወጥ፣ በየቦታው የተከለለው ደን ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም ፈረሰ። የኔ ነው ብሎ የሚቆምለት ሰው አልነበረም።

ወጣት፦ አሁን እኮ ሕዝቡ ራሱ ያቅዳል። በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር የተፋሰስ ልማት መመሪያውም በዚያው ዓመት ወጥቷል።

አዛውንት፦ መመሪያው ደግ ነው፤ ወረቀት ግን ከብት አይመልስም። የሚመልሰው የመንደሩ መረዳጃ፣ ቅሬው ነው። አንድ ድንጋይ ሳታነሡ ቅሬውን ሰብስባችሁ ተስማሙ፦ ሣሩን ማን፣ መቼ፣ ስንት ሸክም ያጭዳል? ከብት የሌላት ባልቴት ድርሻዋን ትሸጣለች ወይ? ከብቱን የለቀቀ ስንት ይቀጣል? ለጥበቃው ማን ይከፍላል?

ወጣት፦ እሺ፤ ሣሩ እስኪደርስስ? ከብቱ የት ይሂድ? ጎረቤት ይጣላናል።

አዛውንት፦ ይጣላችኋል። ስለዚህ ተራራውን ባንዴ አትዝጉት። ዘንድሮ ግማሹን ከልሉ፣ ግማሹ ለግጦሽ ይቆይ። ከስሪንቃ ምርምር ማዕከል ስለ መኖ ዘር ጠይቁ፤ እርከኑ ላይ ዝሩት። አጭዶ መመገብን አንድ ዓመት የቀመሰ ሰው፣ ሌላውን ግማሽ ዝጉልን ብሎ ራሱ ይመጣል። ያኔ ዘበኛችሁ እሱ ነው።