ከኤሚ ጆንሰን ሕይወት የምንማረው

ስለ ታላላቅ ተጓዦች ስናነብ ብዙውን ጊዜ ድፍረታቸውን አድንቀን መጽሐፉን እንዘጋለን። ድፍረት ግን ብቻውን ማንንም ከእንግሊዝ አገር አውስትራልያ ድረስ አያደርስም። ለዚህ የኤሚ ጆንሰን ሕይወት ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል።

ኤሚ በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ሀል በምትባል የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ተወለደች። አባቷ የዓሣ ነጋዴ ነበር። እርስዋም እንደ እኛ የአርትስ ተማሪ ሆና፣ በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ኤኮኖሚክስ አጥንታ በዲግሪ ተመረቀች። ከዚያም ለንደን ወርዳ በጠበቆች ቢሮ ጸሓፊ ሆነች። በትርፍ ጊዜዋም ወደ አይሮፕላን ክበብ እየሄደች መብረር ተማረች፤ በ1929 የአብራሪነት ፈቃድ አገኘች።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መብረሩ ብቻ አልበቃትም። ቱታ ለብሳ ከመካኒኮች ጋር ሞተር መፍታትና መግጠም ተማረች። የአይሮፕላን ጥገና ባለሙያነት ፈቃድ በማግኘትም ከእንግሊዝ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች።

ቀጥሎም በአባቷና በሎርድ ዌክፊልድ ርዳታ አንዲት ያገለገለች ጂፕሲ ሞዝ አይሮፕላን ገዝታ «ጄሰን» ብላ ሰየመቻት። አይሮፕላኗ ባለ አንድ ሞተር ስትሆን የአብራሪዋ መቀመጫ ለነፋስ የተጋለጠ ነበር። ኤሚ እስከዚያ ድረስ የበረረችው ረጅሙ መንገድ ከለንደን እስከ ሀል ያለው ነው። ሆኖም ሜይ 5 ቀን 1930 ከክሮይደን ብቻዋን ወደ አውስትራልያ ተነሣች።

ባግዳድ ሳትደርስ የአሸዋ ማዕበል በረሓ ላይ አሳረፋት፤ አይሮፕላኗ በነፋስ እንዳትገፋ በመንኰራኵሮቹ ሥር ሻንጣዎቿን ደግፋ ማዕበሉ እስኪያልፍ ጠበቀች። በስድስተኛው ቀን ካራቺ ገባች። በርማ ውስጥ ኢንሴን በተባለው ስፍራ ግን በአንድ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ስታርፍ ቦይ ውስጥ ገብታ ክንፉም ማዞሪያውም ተሰበረ። የትምህርት ቤቱ መምህራንና ተማሪዎች ክንፉን ጠግነው፣ እርስዋም ሞተሯን አሰናድታ ጉዞዋን ቀጠለች። ሜይ 24 ቀን ዳርዊን አረፈች። ወደ 17,700 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በሃያ ቀን ውስጥ ጨረሰች ማለት ነው። በርት ሂንክለር በ1928 በአሥራ አምስት ቀን ተኩል የፈጸመውን አልቀደመችም፤ ነገር ግን ይህን መንገድ ብቻዋን የበረረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

በ1932 ደግሞ ከእንግሊዝ እስከ ኬፕታውን ብቻዋን በርራ በፍጥነት ቀዳሚነትን አገኘች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አይሮፕላኖችን ከሥፍራ ወደ ሥፍራ በማድረስ ስታገለግል፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1941 በቴምዝ ወንዝ መግቢያ ወድቃ ሞተች። ሬሳዋም አልተገኘም።

ከመካከላችን «የአርትስ ተማሪ ከሞተር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሁላችንም መካኒክ እንሁን ማለታችን አይደለም። የተማረ ሰው እጁ ዘይት ቢነካ ክብሩ ይቀንሳል የሚለውን አስተሳሰብ ግን በውስጣችን መመርመር አለብን። ኤሚ ዲግሪዋን ይዛ ከመካኒኮቹ ለመማር አላፈረችም። ኢንሴን ላይም አይሮፕላኗን ከቦይ ያወጣው እጁን ለሥራ ያስለመደ ተማሪ ነው። እኛስ ከዚህ ግቢ ስንወጣ፣ ሥራው የሚጠይቀውን ሁሉ ዝቅ ብለን ለመማር ተዘጋጅተናል ወይ?