በቴሌቪዥን ገመድ ኢንተርኔትን ክፍል ለክፍል ማዳረስ

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ባለ ሦስት ወለል ታውን ሃውስ ውስጥ የሚኖር ሐበሻ ችግሩን ያውቀዋል። ራውተሩ ባለሙያው ያስቀመጠበት ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ልጆቹ የሚያጠኑትና ጌም የሚጫወቱት ግን ላይኛው ወለል ላይ ነው። ዋይፋዩ ሁለት ወለል አቋርጦ ሲደርስ ደክሞ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው የዋይፋይ ማጉያ ይገዛል። ማጉያው ግን የሚቀበለውም የሚያስተላልፈውም በዚያው በአየር ስለሆነ የደከመውን ተቀብሎ የደከመውን ያቀብላል። ግድግዳ በስቶ የኢተርኔት ገመድ መሳብ ከሁሉ ይሻላል፤ ወጪው ግን ቀላል አይደለም፣ ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ አይታሰብም።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ለኬብል ቴሌቪዥን ተብሎ ገመድ የተዘረጋባቸው የአሜሪካ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ሳሎንና መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ብቅ ያለችው ጥርስ ያላት ክብ ብረት የዚያ ገመድ ጫፍ ናት። ገመዱ ኮአክሲያል ይባላል፦ መሃሉ የመዳብ ሽቦ፣ ዙሪያውን ነጭ ፕላስቲክ፣ በላዩ ላይ ፎይልና የሽቦ መረብ፣ ከውጭ የፕላስቲክ ልባስ። መረቡ የውስጡ ሲግናል እንዳይወጣ፣ የውጭውም እንዳይገባ ይከላከላል። ኢንተርኔት በቴሌቪዥን ገመድ ሲባል የሚገረም ሰው ካለ፣ በ1973 ሮበርት ሜትካፍ ዜሮክስ ውስጥ ኢተርኔትን ሲፈለስፈውም የተጓዘው በኮአክሲያል ገመድ ላይ ነበር።

የቤት ውስጡ ዘዴ ስሙ ሞካ ነው። በ2004 የተመሠረተ የኩባንያዎች ኅብረት ያወጣው ስታንዳርድ ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ሞካ 2.5 እስከ 2500 ሜጋቢት በሰከንድ ያስተላልፋል። ይህ ፍጥነት ግን ገመዱን ለሚጋሩት ዕቃዎች ሁሉ በጋራ ነው፤ በአንድ የሞካ ኔትወርክ ላይ ገመዱን ከኢተርኔት የሚያገናኝ እስከ 16 አዳፕተር ሊሰካ ይችላል፣ ተራ የሚያስይዛቸውም ከመካከላቸው አንዱ ነው። ተራ በመጠበቅ የሚባክነው ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ለቪዲዮ ጥሪም ለጌምም አያስቸግርም።

አንድ ገመድ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት አብሮ እንዴት ይሸከማል? አንድ የአዲስ አበባ አየር ኤፍ ኤም አዲስን በ97.1፣ ሸገርን በ102.1 ሳያደባልቅ እንደሚሸከመው ነው። በአሜሪካ የኬብል አገልግሎት እንደተለመደው ከ5 እስከ 1002 ሜጋኸርዝ ያለውን ይይዛል፤ ሞካ ከ1125 እስከ 1675 ሜጋኸርዝ ባለው ይሠራል። በጣሪያ አንቴና የሚገኘው ቴሌቪዥንም ከዚህ ክልል በታች ስለሆነ ከሞካ ጋር አይጋጭም።

አሠራሩ ሲወራ ቀላል ነው። አንድ አዳፕተር ከራውተሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ በኢተርኔት ገመድ ከራውተሩ፣ በኮአክሲያል ደግሞ ከግድግዳው ይገናኛል። ሁለተኛው አዳፕተር ላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰካል፤ ከእሱ በሚወጣው ኢተርኔት ኮምፒውተሩ ወይም ሌላ የዋይፋይ ማሠራጫ ይገናኛል። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ማስተካከያ አያስፈልግም። ሲገዙ አንድ ነገር ይመልከቱ፤ የኢተርኔት ቀዳዳው 1000 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ ሞካ 2.5 ተብሎ ቢጻፍበትም ከዚያ በላይ አያሳልፍም።

ይህን አድርገው የአዳፕተሩ መብራት አልበራ ያላቸው ሰዎች ዕቃውን ተበላሸ ብለው ይመልሱታል። በእኔ እምነት ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ማንም በማያየው ቦታ፣ ገመዱን ለየክፍሉ የሚያከፋፍለው ስፕሊተር ጋ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት እሱን መፈለግ ይቀድማል። ከየክፍሉ የሚመጡት ገመዶች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፦ ቤዝመንት፣ ጋራዥ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ወይም ውጭው ግድግዳ ላይ ባለ ሣጥን። እዚያ ሲደርሱ የላይኛው መኝታ ቤት ገመድ ከምንም ሳይገናኝ ተንጠልጥሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ኢንተርኔት ያስገባው ባለሙያ የሚያስፈልገውን አንዱን ገመድ ብቻ አገናኝቶ ሌላውን ትቶት ሄዶ ይሆናል።

ከተገናኘም ስፕሊተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። 5–1002 የሚል ከሆነ ለሞካ ተብሎ አልተሠራም፤ ሊሠራ ይችላል፣ ዋስትና ግን የለውም። 5–1675 የሚለውን ይግዙ፣ ዋጋው ቀላል ነው። የመውጫዎቹም ብዛት ይቆጠራል። ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር 3.5 ዴሲቤል ያህል ይወስዳል፤ ከግማሽ ያነሰ ኃይል ይተርፋል ማለት ነው። ባለ አራቱ 7 ዴሲቤል ወስዶ አንድ አምስተኛ ያህል ያስተርፋል፣ ባለ ስምንቱ ደግሞ አንድ አሥረኛ እንኳ አያስተርፍም። ይህ ከመግቢያ ወደ መውጫ ለሚሄደው ነው። የሞካ ጉዞ ከዚህ ይከብዳል፤ ከአንዱ መውጫ ገብቶ በሌላው መውጫ መውጣት አለበት፣ ተራ ስፕሊተር ደግሞ የተሠራው መውጫዎቹ እርስ በርስ እንዳይሰማሙ ነው። ለሞካ የተሠራው ስፕሊተር ግን በሞካ ክልል ይህን በመውጫዎቹ መካከል ያለውን ግድግዳ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ የማይፈለጉትን ገመዶች ነቅሎ በትንሽ ስፕሊተር መተካት ብዙ ችግር ይፈታል፤ ትርፍ መውጫ ከቀረም 75 ኦም መዝጊያ ይታሰርበታል። መሃል ላይ የቆየ የቴሌቪዥን ሲግናል ማጉያ ካለ እሱም ሞካን ሊያግድ ይችላል።

ከውጭ የሚገባው ገመድ ከመጀመሪያው ስፕሊተር በፊት አንዲት ትንሽ ማጣሪያ ይታሰርለታል። ማጣሪያዋ የኬብሉን አገልግሎት ታሳልፋለች፣ ሞካን ትመልሳለች። በዚህ ሲግናሉ ወደ ጎረቤት አይሄድም፤ የተመለሰውም ቤት ውስጥ ያለውን ያጠናክራል። በተለይ አፓርታማ ውስጥ ይህችን መተው ሞኝነት ነው። የኬብል ሞደሙ ዶክሲስ 3.1 በሚባለው የኬብል ኢንተርኔት ስታንዳርድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አገልግሎቱ እስከ 1218 ሜጋኸርዝ ሊዘልቅ ስለሚችል፣ ሞደሙ መግቢያ ላይም ሌላ ማጣሪያ ማሰር ከሞካው ይጠብቀዋል።

ፋዮስ የሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ያላቸው ቀድመው ራውተራቸውን ይፈትሹ፤ ከራውተሮቹ ብዙዎቹ ሞካ በውስጣቸው አላቸው፣ ስለዚህ ላይ አንድ አዳፕተር ብቻ ይበቃል። እንዲህ ባለ ራውተር ላይ ሌላ አዳፕተር በኢተርኔት ከጨመሩ መረጃው በሁለት መንገድ እየዞረ መላ ኔትወርኩን ያጨናንቀዋል።

አገር ቤት፣ ገልፍ ወይም እስራኤል ላሉ ጉዳዩ ይለያል፤ የሚያገኙት የዲሽ ገመድ ነውና፤ እሱም ኮአክሲያል ነው። ዲሹ ላይ ካለው መቀበያ፣ ከኤልኤንቢው፣ ወደ ሪሲቨሩ የሚወርደው ሲግናል ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ነው፤ የሞካውን ክልል ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ሪሲቨሩም በዚያው ገመድ 13 ወይም 18 ቮልት ኤሌክትሪክ ወደ ላይ ይልካል። ስለዚህ በሚሠራ የዲሽ ገመድ ላይ ሞካ አይሞከርም። ዲሹ ከተተወ ግን ገመዱን ከኤልኤንቢውም ከሪሲቨሩም ነቅሎ፣ በሁለቱ ጫፍ አዳፕተር ማሰር ይቻላል። መሃሉ ላይ ስፕሊተር ስለሌለ እንዲያውም ከአሜሪካው ቤት የቀለለ ሥራ ነው። ጣሪያ ላይ ፀሐይና ዝናብ የበላው ጫፍ ግን ተቆርጦ አዲስ ኮኔክተር ይግባለት።

ቤዝመንት የሚያከራዩ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩ። የተከራዩ ክፍል ገመድ ከዚያው ስፕሊተር ጋር ከተገናኘ፣ ሞካውም የይለፍ ቃል ካልተደረገበት፣ አዳፕተር ገዝቶ የሚሰካ ሁሉ ኔትወርካችሁ ውስጥ ነው። የዋይፋይ ይለፍ ቃል እዚህ አያግደውም። በአዳፕተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ የሞካውን የራሱን ይለፍ ቃል በሁሉም አዳፕተሮች ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ ማስገባት፣ ወይም የዚያን ክፍል ገመድ ከስፕሊተሩ መንቀል ያስፈልጋል።